ቲያትሩ እስኪያልቅ

«እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ አይገባትም፤ ዶንት ወሪ» የሚለውን የልጇን የጽናትን ድምፅ ትርፌ የሰማችው መታጠቢያ ቤት ሆና ፊቷን ስትታጠብ ነበር። የሳን ሊያንድሮ አፓርታማዋ ግድግዳ ምስጢር አይጠብቅም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚያሰኝ ነው። ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ጣለች። የጋሼ አስራት፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ድምፅ ከወጥ ቤቱ ዝቅ ብሎ መጣ። «አትምጣ ብዬሽ ነበር። ቲያትሩ ሲያልቅ እንነግራታለን ተባብለን የለም እንዴ? አንቺ ደግሞ አምጥተሽ ከፊት ወንበር ታስቀምጫታለሽ!» ጽናት መለሰች፤ «ጋሼ፣ ማይ ማዘር እኮ ናት። የመጀመሪያ ፕሌዬ ነው። እሷ ከሌለች ኢት ሉክስ ባድ።» ትርፌ ፎጣውን ፊቷ ላይ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ስትወጣ ጋሼ አስራት ስኳር የሌለበትን ሻይ ያማስላሉ፣ ልጇ ስልኳን ትነካካለች። «ማሚ፣ ሬዲ ነሽ? ጋሼ ይዘውሽ ይመጣሉ፤ እኔ ኧርሊ መድረስ አለብኝ» ብላ ጉንጯን ሳም አድርጋት ወጣች።

ነገሩ ትርፌን አንገበገባት። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሃያ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እንግሊዝኛዋ ከአፏ ሲወጣ ይንተባተባል እንጂ ወደ ጆሮዋ ሲገባ አንድም አይስታት። የሚሞቱ ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ያሉትን፣ ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ስለ ቤቱ ሽያጭ የተጨቃጨቁትን ሁሉ ስትሰማ ኖራለች። አሁን የወለደቻት ልጅ አይገባትም አለች። ከዚያ በላይ የከነከናት ግን «እንነግራታለን» የምትለዋ ቃል ናት። ጽናት ኤል ሴሪቶ ስላለው የሲንየር አፓርትመንት፣ ስለ ሽማግሌዎች መኖሪያው፣ ሁለት ጊዜ ወሬ ጀምራ ሁለት ጊዜ ትታዋለች። ያው ነው፣ አለች በልቧ፤ ቲያትሩ ሲያልቅ ሻንጣዬን ያስይዙኛል። ሰማያዊ ቀሚሷን ተከፍታ ለበሰች።

የሚነግሯት ግን ሌላ ነበር። አንባቢ ከእሷ ቀድሞ ቢያውቀው ነውር የለውም፤ ከእሷ በቀር ያላወቀ ዘመድ የለምና። ታናሽ ወንድሟ ገረመው ሞቷል። ዓመትም አልፎታል። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ላይ ኩላሊቱ ሲያሸንፈው ትርፌ እዚህ ልቧን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ዶክተሩ አታስደንግጧት አለ፤ ጋሼ አስራት ዘመድ ሰበሰቡ፤ መርዶው እስክታገግም ይቆይ ተባለ። ይህ ክፋት አይደለም። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ መድኃኒት ሰዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ትርፌ ራሷ በዚህ የታወቀች ናት። የጎረቤቷ የኢየሩስ አባት ሲሞት ልጅቷ ነፍሰ ጡር ነበረችና «እስክትገላገል ትንፍሽ የሚል ወዮለት» ያለችው ትርፌ ናት። ስለዚህ ወጉን ልትረግም አትችልም። ችግሩ ቀኑ እየተገፋ መሄዱ ነው። ልቧ በረታ፣ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ ተፈታ፣ የዘመድ ሠርግ መጣ። ሠርጉ አለፈ፣ የጽናት ቲያትር ደረሰ። ጊዜው ያለፈበት መርዶ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቀራል እንጂ ከአፍ አይወጣም።

እስከዚያው «ጸበል ገብቷል» ተባለ። ሩቅ ገዳም፣ ስልክ የማይፈቀድበት፣ ኔትወርክም የሌለበት። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ውሸቱን የሚያፈርስ ሰው አልተገኘም። ሰላምታውን የሚያመጡት ጋሼ አስራት ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ቤተሰብ ድርሰት የጀመሩት ከጽናት በፊት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ «ደህና ነው» ብቻ ይሉ ነበር። ቆይተው «ሰውነቱ መለስ ብሏል» አሉ። ከዚያ ገረመው ለገዳሙ ውኃ የሚቀዳ፣ ማታ ማታ መነኮሳቱን በቀልድ የሚያስቅ ሰው ሆነ። ትርፌ በደስታ ታለቅስ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ አልባኒ ካለ ሱቅ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ ገዛችለት፤ የገዳም ሌሊት ይበርዳል ብላ። የታችኛው ቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር በርካሽ ነው የሰጧት፤ ከሟች ባሏ ካፖርት ቡናማ ቁልፍ ፈትታ በቦታው ሰፋችበት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ ብላ ጽናት ወሰደችው። «ለብሶት አላወልቅም ብሏል» አሉ ጋሼ አስራት ከወር በኋላ፤ ትርፌም ይህችን ቃል ለሚያገኛት ሁሉ ስትደጋግም ከረመች።

ወደ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና ሲወርዱ ጋሼ አስራት እንደ ልማዳቸው ስለ ቤንዚን አወሩ። ዕድሜያቸውን የኤርፖርት ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ ወሬ ሲያልቅባቸው የቤንዚን ዋጋ አያልቅባቸውም። «ጋሎኑ አምስት ከሃምሳ ገባ» አሉ ሄይዋርድ ላይ። «ይገርማል» አለች። ፍሪሞንትን ሲያልፉ «የገረመው ወሬ የለም፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላቸው መኪና ሳይኖር መስታወቱን አዩ። «ደህና ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መልእክተኛ አልመጣም» አሉ። «ሹራቡን አላወልቅም ያለው ለካ አውቆ ነው» ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ትርፌም ስለ ኤል ሴሪቶው አፓርትመንት ሊነግሩኝ እያመነቱ ነው ብላ አዘነችላቸው እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

የቲያትር ቤቱ መግቢያ ላይ የዓመቱ ዝግጅቶች ፖስተር በተርታ ተሰቅሏል። አምስት ናቸው፤ ሦስቱ የድሮ። ከሰባ ዓመት በፊት የተጻፈ የአንድ ቤተሰብ መከራ፣ ሽማግሌዎች ዜማውን በቃላቸው የሚያውቁት የሙዚቃ ድራማ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያስቅ ኮሜዲ። እነዚህ ሪቫይቫል ይባላሉ። ደራሲዎቻቸው አፈር ከሆኑ ቆይተዋል፤ ሥራቸው ግን በአዲስ ልብስና በአዲስ መብራት እንደገና ይቆማል። ሁለቱ አዲስ ናቸው። ቲያትር ቤቱ ተመልካች እየራቀው ስለሆነ በድሮዎቹ ወንበር ይሞላል፣ በአዲሶቹ ይመሰገናል። ከአዲሶቹ አንዱ የጽናት ነበር። ፖስተሩ ላይ አንድ ሰው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጸበል የገባው ሰው» የሚል ነው። ትርፌ ቆማ አነበበችው፤ ፊቷ በራ። «ጋሼ! ስለ ገረመው ነው እኮ የጻፈችው! ምነው አልነገራችሁኝም?» የጠዋቱ ቅሬታዋ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ለካ እንነግራታለን ያሉት ይህንን ነው፤ ሊያስደስቱኝ ነው የደበቁት አለች። «በሉ ከፖስተሩ ጋር ፎቶ አንሡኝ፤ ሲወጣ አሳየዋለሁ» ብላ ቀሚሷን አስተካክላ ቆመች። ጋሼ አስራት አነሡ። ዓይናቸውን ከፖስተሩ አሽሽተው ስለተጫኑት ፎቶው ደብዛዛ ወጣ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከትርፌ ሌላኛው ጎን ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የዓመቱን ትኬት በሙሉ አንድ ላይ የምትገዛ አሜሪካዊት ሴትዮ ነበረች። መብራቱ ጠፋና መድረኩ ላይ የአንድ አፓርታማ ሳሎን ወጣ፤ ቡናማ ሶፋ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ የማርያም ሥዕል። ትርፌ ሳሎኗን አወቀችው። እናትየዋ ሆና የምትጫወተው ወፍራም ተዋናይት ሌሊት ልብስ ላይ ነጠላ ደርባ ስልክ ውስጥ እየጮኸች ትመርቃለች፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ምርቃቷን ትቀጥላለች። አዳራሹ ሳቀ። ትርፌም ሳቀች፤ እሷን ራሷን ነው፣ ግን በፍቅር ነው ብላ አሰበች። ተዋናይቷ ለወንድሟ አረንጓዴ ሹራብ በእጇ ለክታ ገዛች፣ በኋላም «ለብሶት አላወልቅም ብሏል» ብላ እየዞረች አወራች። በዚህ ጊዜ ሰዉ እስኪንፈራፈር ሳቀ። ትርፌ ለምን ይህን ያህል እንዳሳቃቸው አልገባትም። የገባት በሚቀጥለው ትዕይንት ነው። እናትየዋ በጓዳ ተኝታለች፤ ዘመዶቿ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰውየው ከተቀበረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ተናገረ። ለካ ትርፌ ሳታነበው በያዘችው የዝግጅቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ አዳራሹ ሁሉ እያወቀ እናትየዋ ብቻ አታውቅም፤ ሲስቁ የነበረው በዚያ ነው። ትርፌ አማተበች። መጋረጃው ወርዶ ዕረፍት ሆነ።

«ዘ ማዘር ኢዝ ሶ ፈኒ» አለቻት ጎረቤቷ ሴትዮ፤ ያለፈው ወር ሪቫይቫል አስለቅሷት እንደነበር፣ ይሄ ግን ሆዷን እንዳሳመማት ነገረቻት። «የስ፣ ቬሪ ፈኒ» አለች ትርፌ። ውጭ ሰው አሥራ አራት ዶላር እየከፈለ ወይን በላስቲክ ብርጭቆ ያስቀዳል። ጋሼ አስራትን ፖስተሩ ሥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን ነካት? ገረመውን ገደለችው እኮ! በቁም ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሟርት ይጻፋል?»

«ቲያትር ነው፣ ትርፌ። የፈጠራ ነገር ነው።»

«ቢሆንስ? ነገ ወጥቶ ቢሰማ ይቀየመናል።»

«አይቀየምም» አሉ ጋሼ አስራት። ሌላ ነገር የሚሉ መስሏት ጠበቀች። እሳቸው ግን ውኃ ልግዛልሽ ብለው ሄዱ፤ ደወል ተደውሎ ሰው እስኪገባ ድረስም ሳይገዙ ሰልፉ ላይ ቆሙ።

ሁለተኛው ክፍል በዘመዶቹ ጠብ ይጀምራል። የእናትየዋን ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ተዋናይ ከመሳቢያ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ፤ «ይህንን ምን ላድርገው? ለማን ልላከው?» እያለ ጮኸ። አረንጓዴ ሹራብ ነው። መጀመሪያ ክፍል ላይ ያለው ሌላ፣ አዲስ ሹራብ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከጽናት ቤት የመጣ ነው። ልጅቷ መጣልም መላክም ስላቃታት ለቲያትሩ ሰጥታዋለች፤ እናቷ አትለየውም፣ ለእሷ መድረክ ላይ ያለ ሹራብ ሁሉ ያው ሹራብ ነው ብላ። ወጣቱ ሲያነሣው ታችኛው ጫፍ ተንጠለጠለ፣ መብራቱም ቁልፎቹን አበራ። አራቱ አረንጓዴ፣ የመጨረሻው ቡናማ። ትርፌ ወደፊት ዘነበለች። ክሩ ነጭ ነው፤ አረንጓዴ ክር አልነበራትምና። የባሏ ካፖርት ቁልፍ በነጭ ክር የተሰፋበት ሌላ ሹራብ በዓለም ላይ የለም።

ሹራቡ አዲስ አበባ አልሄደም፤ ገረመውም ለብሶት አያውቅም። ሁሉም ነገር እየተጎተተ መጣ። የመልእክተኛው አለመምጣት፣ የመነኮሳቱ ሳቅ፣ የደበዘዘው ፎቶ። ባለፈው ሚያዝያ ጋሼ አስራት ቤት «የጽዋ ማኅበር ነው» ተብላ ሄዳ ነበር። ካህን ነበረ፣ ሰው ሁሉ ዝግ ብሎ ይበላ ነበር፣ እሷ ስትገባ ሴቶቹ ዓይናቸውን ሰብረዋል። ወጡ ጣፍጧት ጨምሩልኝ ብላለች። የወንድሟን ሙት ዓመት ነው በልታ የመጣችው። ይህን ስታስብ ራሷንም እነሱንም ጠላች። መድረኩ ላይ ጎህ ቀደደ፤ በሩ ተንኳኳ፤ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ለወፍራሟ ሴትዮ መርዶዋን ነገሯት። ተዋናይቷ ያለቀሰችው ደረቷን በቀኝ እጇ ጡጫ መታ መታ እያደረገች፣ ግራ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ፣ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠርታ ነው። ትርፌ ባሏን ስትቀብር ያለቀሰችው ለቅሶ ነው። ልጇ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ጥግ ይዛ ታየው ነበር። ልጅቷ እቤቷ ለመናገር ያቃታትን መርዶ እዚህ አሳምራ ተናግራዋለች። እንባውንም ሌላ ሴት ቀድማ አለቀሰችላት፤ ለትርፌ የቀረላት አልነበረም።

ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ትርፌ ብቻ ቀረች። ጋሼ አስራት ክንዷን ይዘው አስነሧት፤ ለሌላ ቀን የተዘጋጀ ክንድ ነበር። ጽናት መድረክ ላይ ወጥታ እጅ ነሣች፣ ከዚያ በጣቷ ወደ ሦስተኛው ረድፍ አመለከተች፤ አዳራሹ ዞሮ ለእናትየዋ አጨበጨበ። ጎረቤቷ ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች እጇን ጨበጠቻት። ትርፌ አንገቷን ደፋ አድርጋ አመሰገነች።

ውጭ ጽናት እየሮጠች መጣች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ፊቷ ግን ፈተና ያለፈ ልጅ ይመስል ነበር። «ማሚ፣ ዋት ዲድ ዩ ቲንክ? ገባሽ?» አለች። ጋሼ አስራት ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ትርፌ ሁለቱንም አየቻቸው። መጮህ አቅቷት አይደለም፤ እዚህ ብትጮህ የሚከለክላት አልነበረም። ግን መርዶ ሰው ያመጣዋል እንጂ አንቺ ሄደሽ ከቲያትር ቤት አታነሺውም። ይንገሩኝ አለች በልቧ፤ ቤቴ መጥተው፣ በሬን አንኳኩተው፣ እንደ ሰው ይንገሩኝ። «ፈጠነብኝ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። የጽናት ትከሻ ወረደ፣ የጋሼ አስራትም። «ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ» ብላ ልጅቷ አቀፈቻት። ቀኑን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ በላይ የጎዳት ይህ ዕፎይታቸው ነው።

ሲመለሱ ስለ ቤንዚን አልተወራም። ሄይዋርድ ላይ «ነገ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፤ ጠዋት ቤት ነኝ» አለች። «ደግ» አሉ። «ከሌሊቱ ጀምሮ ቤት ነኝ፣ ጋሼ።» አሁንም «ደግ» አሉ። ቤት ሲደርሱ ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋውን ወደ ግድግዳው መግፋት ጀመረች። ጠረጴዛውን አነሣች፣ የመኝታ ቤቱን ፍራሽ ጎትታ ሳሎኑ መሐል ዘረጋችው። ጋሼ አስራት የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ልትሆኚ ነው? ልብሽን አትርሺ እንጂ!»

«ሰው ቢመጣ መቀመጫ እንዳይጠብ ብዬ ነው» አለችና ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየቻቸው።

እንዲህ ያለ ቤት ምን እንደሚጠብቅ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጋሼ አስራት አወቁ። ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ትርፌ» አሉ። «አቤት» አለች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ደረቷን አዘጋጅታ። «ገረመው…» አሉና ዓይናቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። «ገረመው ሰላም ብሎሻል። መንገዱ ተከፍቶ ትናንት ሰው መጥቶ ነበር፤ ረስቼው ነው።» ከዚያ ደረጃውን እየተጣደፉ ወረዱ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ ዘቅዝቃ አጣፋች፣ የበሩን መዝጊያ ከፍታ ገርበብ አደረገችው። ጽናት ትቀሰቅሳቸው ይሆናል፣ ጋሼ አስራት አድረው ጸጸት አስነሥቷቸው ይሆናል ብላ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት ውሻውን ሊያናፍስ ሲወርድ ነው። ሰማዩ ነጣ፣ ባቡሩ አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ በሁለት እጇ አነሣችው።

«ማሚ! ሶሪ፣ ቀሰቀስኩሽ? እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሪቪው ወጣ፣ ወደውታል! ቲያትር ቤቱ ኢሜይል ላከልኝ፤ ኤክስቴንድ አደረጉት፣ አራዘሙት! ከሪቫይቫሎቹ አንዱም ኤክስቴንድ አልተደረገም እኮ! ማሚ? አር ዩ ዜር?»

«አለሁ» አለች ትርፌ። «እና መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ኤንድ ኦፍ ጁላይ! ከሰው ብዛት ከዚያም ሊጨምሩት ይችላሉ።»

ትርፌ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ቲያትሩ ሲያልቅ እንነግራታለን ተባብለን የለም እንዴ የሚለው የትናንት ጠዋቱ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። የሳን ሆዜው መድረክ ላይ ካለችው ሴትዮ ዘንድ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ይገባሉ፣ ነገም ይገባሉ፣ በየምሽቱ በሯን አንኳኩተው ይነግሯታል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተነሥታ በሩን ገጠመችው፣ ነጠላዋን ገልብጣ እንደ ወትሮው ለበሰች፣ ፍራሹንም እየጎተተች ወደ መኝታ ቤት መለሰችው።